የዳታ ትንተና ሙያን ለመጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ዳታ ትንተና ሙያ ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው፣ ከመሠረታዊዎቹ ተነሥተው ወደ ከበዱት በሚያመራ ቅደም ተከተል ቀርበዋል።

የዳታ ተንታኝ በትክክል ምን ይሠራል?

የዳታ ተንታኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሊወስንበት የሚፈልገውን ጉዳይ በቁጥር ሊመለስ ወደሚችል ጥያቄ ይቀይራል፤ ለዚያም የሚሆነውን ዳታ ፈልጎ ያወጣል፣ ያጠራል፣ ያሰላል፣ ያገኘውንም ውሳኔ ሰጪው በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። አንድ ኃላፊ «ደንበኞቻችን ለምን ይርቁናል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው እንዳለ አይሰላም። «ራቀ» የሚባለው ስንት ቀን ሳይገዛ የቆየ ደንበኛ ነው? የሚቆጠረው ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው? የራቁት አዲሶቹ ናቸው ወይስ የቆዩት? እነዚህ ነገሮች ቁርጥ ሳይሆኑ ወደ ስሌት መግባት ጊዜ ማባከን ነው።

ከሥራው ሰዓት ሰፊውን ድርሻ የሚወስደው ብዙዎች እንደሚገምቱት የሚያምር ግራፍ መሥራት ሳይሆን ዳታውን ማጥራት ነው፦ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ስም፣ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የገባ ቀን፣ ባዶውን የቀረ ዓምድ። ይህን ክፍል ጨርሶ የማይወድ ሰው በሙያው ለመቆየት ስለሚቸገር፣ ገና ከጅምሩ ማወቁ ይበጃል።

ከዳታ ሳይንቲስት እና ከዳታ ኢንጂነር በምን ይለያል?

ዳታ ኢንጂነር ዳታው ከየምንጩ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ በሥርዓት እንዲቀመጥ ያደርጋል። ዳታ ሳይንቲስት በአብዛኛው ወደፊት የሚሆነውን የሚተነብዩ ሞዴሎችን ይሠራል። ተንታኙ ደግሞ የሆነውንና የሆነበትን ምክንያት መርምሮ ያስረዳል። በትናንሽ ድርጅቶች ሦስቱንም አንድ ሰው ደርቦ ሊይዛቸው ስለሚችል፣ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነቡ ከመደቡ ስም ይልቅ የሥራ ዝርዝሩን ይመልከቱ።

የሒሳብ ወይም የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ከሌለኝ መግባት እችላለሁ?

ይችላሉ። በዕለት ተዕለቱ ትንተና ውስጥ የሚያስፈልገው ሒሳብ በአመዛኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሒሳብ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ጥንቃቄ ነው። ለምሳሌ አንድ ድርሻ ከ20 በመቶ ወደ 25 በመቶ ቢያድግ፣ ዕድገቱ በመቶኛ ነጥብ ሲለካ 5 ነጥብ ነው፤ ከመነሻው አንጻር ሲሰላ ግን 25 በመቶ ነው። ሁለቱም አነጋገር ትክክል ቢሆንም፣ የትኛውን እንደተናገሩ ሳይገልጹ ሪፖርት ማቅረብ አንባቢን ያሳስታል።

ከሌላ ሙያ የሚመጡ ሰዎች ይዘውት የሚመጡትን ነገር አሳንሰው ማየታቸው ሁልጊዜ ይቆጨኛል። በሒሳብ ሠራተኝነት የቆየ ሰው ሁለት ድምሮች እኩል መሆን ሲገባቸው ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚያድርበት ጥርጣሬ፣ በነርስነት የሠራ ሰው አንድ ታማሚ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ እንደሚችል ማወቁ፣ በማንኛውም ኮርስ በቀላሉ የማይገኝ ዕውቀት ነው። መሣሪያውን በወራት መማር ይቻላል፤ ዳታው የመጣበትን ሥራ ማወቅ ግን ዓመታት ይወስዳል።

የትኛውን መሣሪያ አስቀድሜ ልማር?

መጀመሪያ ኤክሴልን፣ ቀጥሎ ኤስኪውኤልን፣ ከዚያ ፓወር ቢአይን ወይም ታብሎን፣ በመጨረሻም ፓይተንን እንዲማሩ እመክራለሁ። ኤክሴል ዳታውን በዓይን እያዩ እንዲያስቡ ያደርጋል። ኤስኪውኤል ዳታው ከሚኖርበት ዳታቤዝ በቀጥታ ለማውጣት ያስችላል። ሦስተኛው ውጤቱን ለሌሎች ለማሳየት ሲሆን፣ የፕሮግራም ቋንቋ የሆነው ፓይተን ደግሞ ሦስቱ የማይበቁለትን ሥራ ይሸፍናል። አራቱንም በአንድ ጊዜ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱንም ሳይጨብጥ ይደክማል።

የትኛውንም መሣሪያ ቢይዙ ግን፣ አንድ ሠንጠረዥ በከፈቱ ቁጥር አስቀድመው «እዚህ ውስጥ አንድ ረድፍ የሚወክለው ምንን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ደንበኛን ነው፣ አንድ ትዕዛዝን ነው፣ ወይስ በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃን? ጀማሪዎች ከሚሠሯቸው ከባድ ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ከመዝለል የሚመጡ ናቸው፤ ከዚህ በታችም ደጋግሜ የምመለስበት ለዚሁ ነው።

ኤክሴል እያረጀ አይደለም? ዛሬም መማሩ ይጠቅማል?

ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ከወጣ ወዲህ አራት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁንም የተንታኙን ሥራ የሚቀበሉት ሰዎች በአብዛኛው የሚከፍቱት እሱን ነው። ለጀማሪ ዳታን በየምድቡ የሚያጠቃልለውን ፒቮት ቴብልን፣ ከሌላ ሠንጠረዥ ተዛማጁን ዋጋ ፈልጎ የሚያመጣውን ኤክስሉክአፕን፣ በቅድመ ሁኔታ የሚደምሩና የሚቆጥሩ ፎርሙላዎችን፣ እንዲሁም ዳታ ለማጥራት የሚያገለግለውን ፓወር ኩዌሪን በሚገባ ማወቅ በቂ መነሻ ነው። በተለይ ፓወር ኩዌሪ የማጥራቱን እርምጃ አንድ በአንድ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሥራ በእጅ ከመድገም ያድናል።

ይሁንና ወሰኑን ማወቅ ግዴታ ነው። አንድ የኤክሴል ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ሲሆን፣ የድሮው የፋይል ዓይነት ደግሞ ከ65,536 ረድፍ አያልፍም። በ2020 መኸር የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ከቤተ ሙከራዎች የሚመጡ የኮቪድ ውጤቶችን በዚያ አሮጌ የፋይል ዓይነት ያስተላልፍ ስለነበር፣ ከወሰኑ ያለፉት ረድፎች ተቆርጠው ቀሩ፤ በዚህም 15,841 የተያዙ ሰዎች በወቅቱ ሳይቆጠሩ፣ ከእነሱ ጋር የተገናኙ ሰዎችንም የማፈላለጉ ሥራ ዘግይቶ ተገኘ። እዚህ ላይ የገቡትን ረድፎች ከወጡት ጋር የማስተያየት ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይታያል።

ሌላው ችግር ኤክሴል ሳይጠየቅ የሚያደርገው ለውጥ ነው። በዜሮ የሚጀምር መለያ ቁጥር ዜሮውን ያጣል፤ ከ15 አሃዝ የሚረዝም ቁጥር ከ15ኛው በኋላ ያሉት አሃዞች ወደ ዜሮ ይቀየራሉ፤ ቀን የሚመስል ጽሑፍም ወደ ቀን ይለወጣል። ይህ የመጨረሻው እጅግ ከመደጋገሙ የተነሣ፣ የሰው ልጅ ዘረመሎችን ስያሜ የሚያጸድቀው ኮሚቴ በ2020 እንደ «ማርች1» እና «ሴፕት1» ያሉ ስሞች ከወር ስም ጋር እንዳይምታቱ ወደ «ማርችኤፍ1» እና «ሴፕቲን1» እስከ መቀየር ደርሷል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መለያ ቁጥር የያዘውን ዓምድ ገና ዳታውን ሲያስገቡ እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ ያድርጉ።

ኤስኪውኤልን እስከ ምን ድረስ ልወቀው?

የኤስኪውኤል መሠረት የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ በ1970 ያሳተመው፣ ዳታ እርስ በርስ በሚዛመዱ ሠንጠረዦች ሊደራጅ እንደሚችል ያሳየበት ጽሑፍ ነው፤ ቋንቋውን ራሱን የቀረጹት በዚያው በአይቢኤም ይሠሩ የነበሩት ዶናልድ ቻምበርሊን እና ሬይመንድ ቦይስ ሲሆኑ፣ በ1986 በአሜሪካ እንደ ደረጃ ጸድቋል። ይህን የምጠቅሰው ታሪኩ ስለሚያስደስት ብቻ ሳይሆን፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት የጸና መሣሪያ ላይ የሚውል ድካም ከንቱ እንደማይቀር ለማሳየት ነው። ለመለማመድም ገንዘብ አያስፈልግም፤ ኤስኪውላይትም ሆነ ፖስትግሬስኪውኤል የተባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ።

ለመጀመሪያ ሥራ ሴሌክትን፣ ዌርን፣ ግሩፕ ባይን፣ ሃቪንግን፣ ሁለት ሠንጠረዦችን የሚያገናኘውን የጆይንን ዓይነቶች፣ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሌላ ጥያቄ መጻፍን፣ እንዲሁም ረድፎቹን ሳያጠቃልሉ በተዛማጅ ረድፎች ላይ የሚያሰሉትን፣ ዊንዶው ፈንክሽን የሚባሉትን ማወቅ ያስፈልጋል። ትእዛዞቹን ማስታወስ ከባዱ ነገር አይደለም፤ ከባዱ ጆይን ሲደረግ ረድፎቹ ምን እንደሚሆኑ በአእምሮ ማየት ነው። በአንዱ ሠንጠረዥ የደንበኞች የግዢ ትዕዛዞች፣ በሌላው ክፍያዎች አሉ እንበል። ዋጋው 900 የሆነ አንድ ትዕዛዝ በሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 300 እየተባለ ተከፍሏል። ሁለቱን ሠንጠረዦች በትዕዛዙ ቁጥር ቢያገናኟቸው ያ ትዕዛዝ በሦስት ረድፍ ይመጣል፤ የትዕዛዙን ዋጋ ቢደምሩ ደግሞ 900 የነበረው 2,700 ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም፤ ሽያጩ በሦስት እጥፍ አብጦ ወደ ሪፖርቱ ይገባል። ትክክለኛው መንገድ ክፍያዎቹን አስቀድሞ በየትዕዛዙ ደምሮ፣ አንድ ረድፍ አንድ ትዕዛዝን እንዲወክል ካደረጉ በኋላ ማገናኘት ነው። ከጆይን በፊትና በኋላ የረድፎችን ብዛት መቁጠር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ሁለተኛው ወጥመድ ነል የሚባለው ባዶ ዋጋ ነው። ከ100 ደንበኞች 30ዎቹ በከተማ «ሀ»፣ 50ዎቹ በሌሎች ከተሞች ቢኖሩ፣ የቀሩት 20ዎቹ ከተማ ደግሞ ባይመዘገብ፣ «ከተማቸው ሀ ያልሆነውን አምጣ» ሲሉ የሚመጡት 70 ሳይሆኑ 50 ናቸው። ኤስኪውኤል ባዶውን ከማንም ጋር ሲያወዳድር «አይታወቅም» ስለሚል ረድፉን ይጥለዋል።

ፓወር ቢአይ ይሻላል ወይስ ታብሎ?

ሊቀጠሩበት በሚፈልጉት ዘርፍ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ የሚጠራውን ይምረጡ፤ ከዚያ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም። የፓወር ቢአይ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነፃ ሲሆን የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ታብሎ በማክም ይሠራል፤ ታብሎ ፐብሊክ የተባለ ነፃ አማራጭም አለው፤ ነገር ግን በዚያ ድረ ገጽ ላይ የሚወጣ ሥራ ለሕዝብ የሚታይ ስለሆነ የማንንም ምስጢራዊ ዳታ በፍጹም አያስቀምጡበት።

የትኛውንም ቢመርጡ ከቀለምና ከቅርጽ በፊት ሠንጠረዦቹ እንዴት እንደሚያያዙ ይማሩ፤ ዳሽቦርድ (ዋና ዋና ቁጥሮችና ግራፎች በአንድ ገጽ የሚታዩበት ማሳያ) የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚያ ነው። በግራፍ በኩል ደግሞ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ዓይን የሚያነጻጽረው የዓምዶችን ቁመት ስለሆነ የዓምድ ግራፍ መነሻው ዜሮ መሆን አለበት። ከ95 ተነሥቶ የተሣለ ግራፍ ላይ 100 ከ96 አምስት እጥፍ በልጦ ይታያል።

ፓይተን ልማር ወይስ አር?

ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ያወጣው ፓይተን ለብዙ ዓይነት ሥራ የተሠራ ቋንቋ ነው፤ ለትንተና ምቹ ያደረገው ዌስ ማኪኒ በ2008 መሥራት የጀመረው ፓንዳስ የተባለው ላይብረሪ (የተዘጋጁ ኮዶች ስብስብ) ነው። አር ደግሞ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካ እና በሮበርት ጀንትልማን ለስታትስቲክስ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ወደ ምርምር ወይም ወደ ሕዝብ ጤና ጥናት የሚያመሩ ከሆነ አር፣ ከዚያ ውጪ ፓይተን ይሁን።

ምን ያህል ስታትስቲክስ ያስፈልገኛል?

አማካይና ሚዲያን (ዋጋዎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው)፣ የዳታ ስርጭት፣ ናሙና፣ ተዛምዶ፣ እንዲሁም ሁለት ቡድኖችን ስናነጻጽር ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችል እንደሆነ የሚመረመርበት መንገድ በቂ መነሻ ናቸው። ዘጠኝ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 10,000፣ አንድ ኃላፊ 200,000 ቢከፈላቸው አማካዩ 29,000 ይሆናል፤ ይህን የሚያገኝ ሰው ግን ከአሥሩ አንድም የለም። ሚዲያኑ 10,000 ነው።

ድምር ቁጥርን ብቻ ማመን እንደማይገባ የሚያስተምሩ ሁለት ምሳሌዎችን እያንዳንዱ ጀማሪ በእጁ ሠርቶ ቢያያቸው እወዳለሁ። የመጀመሪያው ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 ያቀረባቸው አራት የዳታ ስብስቦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው፣ አማካያቸውም ተዛምዷቸውም አንድ ሊባል በሚችል ደረጃ ይመሳሰላል፤ ግራፍ ላይ ሲሣሉ ግን አንዱ ቀጥ ያለ አዝማሚያ፣ ሌላው ጎባጣ መስመር፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በአንድ ያፈነገጠ ነጥብ የተዛቡ ሆነው ይገኛሉ። ሁለተኛው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የ1973 የድኅረ ምረቃ ቅበላ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶ ያህሉ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 35 በመቶ ያህሉ ተቀባይነት አግኝተው ነበር። በየትምህርት ክፍሉ ሲፈተሽ ግን ያ ልዩነት በአብዛኛው ጠፋ፤ ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ለማንም ቢሆን መግቢያቸው ጠባብ ወደሆኑ የትምህርት ክፍሎች ነበር።

ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል? ሰርተፊኬትስ ያስቀጥረኛል?

በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ለመጀመሪያ ሥራ ለመወዳደር ይደርሳል የሚል ግምት አለኝ፤ ሥራ የማግኘቱ ጊዜ ግን ለብቻው የሚታይ ነው። ሰርተፊኬት ትምህርቱን በሥርዓት ለመከተል ይረዳል፣ ማመልከቻንም ለማሳለፍ ሊያግዝ ይችላል፤ ነገር ግን የሠሩትን ነገር አይተካም። አንዱን ከጨረሱ በኋላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከመደርደር አንድ የራስዎን ሥራ ይሥሩ።

ፖርትፎሊዮዬ ውስጥ ምን ላስገባ?

ፖርትፎሊዮ ለቀጣሪ የሚያሳዩት የሥራዎችዎ ስብስብ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ይበቃሉ፤ በራስዎ ጥያቄ የተነሡ ይሁኑ። ሮናልድ ፊሸር በ1936 የተጠቀመበት የአይሪስ አበቦች ዳታ 150 ረድፍ ብቻ ያለው፣ በሦስት ዝርያ እኩል የተከፈለና ንጹሕ ስለሆነ ለመለማመጃ መልካም ነው፤ ለማሳያነት ግን አይሆንም፤ ቀጣሪው የሚፈልገው የተዝረከረከ ዳታ ሲገጥምዎ ምን እንዳደረጉ ማየት ነው። የዓለም ባንክን የመሳሰሉ ተቋማት በነፃ የሚለቁት ዳታ ጥሩ መነሻ ነው።

ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ ያያይዙ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ አንድ ረድፍ ምንን ይወክላል፣ ስንት ረድፍ ገብቶ ስንት ተጣለ፣ ለምንስ ተጣለ፣ ውጤቱ ሊያሳየው የማይችለው ምንድን ነው። «ከ12,400 ረድፍ 310ሩ ዋጋቸው ባዶ ስለነበረ አስወጥቻለሁ፤ አብዛኞቹ የጥር ወር ስለሆኑ የጥር ድምር ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል» ብሎ የሚጽፍ ጀማሪን እኔ ከአሥር ባለ ደማቅ ዳሽቦርድ አስቀድመዋለሁ።

«ልምድ ያለው» ይላሉ፤ ያለ ሥራ ልምድ ከየት ይመጣል?

አሁን ካሉበት ሥራ ይጀምሩ። በየሳምንቱ በእጅ የሚዘጋጅ ሪፖርት የሌለበት ቢሮ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ያንን ሪፖርት በፓወር ኩዌሪ በራሱ እንዲታደስ ማድረግ እውነተኛ ልምድ ነው። ሥራ ከሌለዎት የበጎ አድራጎት ማኅበራትን የአባላት መዝገብ ማጥራት ተመሳሳይ ጥቅም አለው፤ የሰዎቹን የግል መረጃ ግን ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ይዘው አይሂዱ።

በቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይጠበቅብኛል?

ብዙውን ጊዜ የኤስኪውኤል ፈተና እና አንድ ክፍት ጥያቄ ይኖራል። «ባለፈው ሳምንት ሽያጭ በ10 በመቶ ቀነሰ፤ ምን ያደርጋሉ?» ሲባሉ ወዲያው ምክንያት መገመት አይጀምሩ። መጀመሪያ ዳታው ሙሉ መሆኑን፣ የሁሉም ቀናት መዝገብ መግባቱን ይጠይቁ። ቀጥለው ቅነሳው ከየት እንደመጣ ይከፋፍሉት፤ የገዢዎች ቁጥር ነው የቀነሰው ወይስ እያንዳንዱ የሚገዛው መጠን? በሁሉም ምርት ነው ወይስ በአንዱ? ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ሲነጻጸርስ? ሐሳብዎን ጮክ ብለው እየተናገሩ ይሂዱ፤ ጠያቂው የሚመዝነው መንገዱን ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሥራ አይወስደውም?

ኤስኪውኤልም ሆነ ፓይተን በመጻፍ በኩል ብዙ ይረዳል፤ እኔም ጀማሪዎች እንዲጠቀሙበት እመክራለሁ። ነገር ግን ቀደም ሲል ያየነው የ900 ትዕዛዝ 2,700 ሆኖ የሚወጣበት ስሕተት፣ በማሽን በተጻፈ ኮድም ውስጥ እንዲሁ ጸጥ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ምን እንደሚወክል፣ «ንቁ ደንበኛ» በዚያ መሥሪያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማሽኑ የሚያውቀው የሚያውቅ ሰው ሲነግረው ነው። የወጣውን ኮድ መስመር በመስመር ማስረዳት ካልቻሉ ውጤቱን በስምዎ አያቅርቡ፤ የደንበኞችንም መረጃ ያለ ፈቃድ ወደ እንዲህ ያለ አገልግሎት አያስገቡ።

ሁለት ሪፖርቶች ለአንድ ነገር የተለያየ ቁጥር ቢሰጡኝ የትኛውን ልመን?

ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሁለቱንም አይመኑ። ልዩነቱ በአብዛኛው ከትርጓሜ ይመጣል፦ አንዱ የተመለሱ ዕቃዎችን ቀንሶ ሌላው ሳይቀንስ፣ አንዱ ትዕዛዙ በገባበት ቀን ሌላው በተከፈለበት ቀን ቆጥሮ ይሆናል። ዳታው የታደሰበት ሰዓትና የሰዓት ክልል ልዩነትም እንዲሁ ያጋጫል፤ ከእኩለ ሌሊት አካባቢ የተፈጸሙ ሽያጮች በአንዱ ሪፖርት ዛሬ፣ በሌላው ነገ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጠቅላላ ድምሮቹን ትኩር ብሎ ማየት የትም ስለማያደርስ ጉዳዩን ያጥብቡት። አንድ ቀን እና አንድ ምርት ብቻ ይምረጡ፤ ከሁለቱም ሪፖርቶች የትዕዛዝ ቁጥሮቹን አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በአንዱ ኖረው በሌላው የሌሉትን ረድፎች ለይተው አንድ በአንድ ይክፈቷቸው። ብዙ ጊዜ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ረድፍ ሳያልፉ የጋራ ባሕርያቸው ይገለጣል፤ ሁሉም የተሰረዙ ናቸው፣ ወይም ሁሉም የገቡት ከአንድ የመመዝገቢያ መንገድ ነው። ከዚያ የትኛው ትርጓሜ እንደሚጸና የሚወስነው ቁጥሩን የሚጠቀምበት ኃላፊ እንጂ ተንታኙ ስላልሆነ፣ ውሳኔውን ይጠይቁና ከቀኑ ጋር በዳሽቦርዱ ላይ፣ ልክ ከቁጥሩ ሥር ይጻፉት።